ነፍሰ ጡር ሆነው ውጭ አገር ሲገቡ፦ ከሻንጣ እስከ አራስ ቤት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ሁሉም ሲረጋጋ ደግሞ የእርግዝና ክትትል ይላል። ቤቱ ሁለት ወር ይፈጃል፣ ወረቀቱ ሦስት፤ ሆድ ግን አይጠብቅም። በተወሰኑ ሳምንታት ብቻ የሚሠሩ ምርመራዎች አሉ፤ ሳምንቱ ካለፈ አለፈ ነው። ስለዚህ እዚህ ተራው ተገልብጧል፦ ክትትሉ ይቀድማል፣ አድራሻና ስልክ ይከተላሉ፣ የቀረው በእነዚህ ላይ ይገነባል።

ደረጃ 1፦ ከመነሳትዎ በፊት ወረቀት ይሰብስቡ

ክትትል ሲያደርጉበት ከነበረው ጤና ተቋም «እናትም ጽንስም ደህና ናቸው» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ይዘው አይውጡ። አዲሷ አዋላጅ የምትፈልገው ቁጥሩን ነው። እነዚህን በስም ጠርተው ይጠይቁ፦

1. የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን፣ የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ሪፖርት፣ በእሱ የተሰላው የመውለጃ ቀን።
2. የደም ዓይነት ከነአርኤች (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚለው)።
3. የሂሞግሎቢን፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ውጤት፣ ከተሠራበት ቀን ጋር።
4. በየቀጠሮው የተለካው የደም ግፊትና ክብደት።
5. የተወጉት ክትባት ስምና ቀን።
6. የሚወስዱት መድኃኒት። የንግድ ስሙ አገር ሲቀየር ይቀየራል፤ የንጥረ ነገሩን ስምና መጠኑን በሚሊግራም ያስጽፉ።
7. ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን ከወለዱ የቀዶ ሕክምናው ማጠቃለያ።

ሰባተኛው ላይ ቸል አይበሉ። ቆዳ ላይ ያለው ጠባሳ ማኅፀኑ በየት በኩል እንደተከፈተ አይናገርም፤ ቆዳው አግድም፣ ማኅፀኑ ግን ቁልቁል የተከፈተ ሊሆን ይችላል። ቁልቁል ከሆነ በቀጣዩ ምጥ የመቀደድ አደጋው ከፍ ስለሚል ሐኪሞች በአብዛኛው እንደገና ኦፕሬሽን ይመክራሉ። ወረቀቱ ከሌለ ሐኪሙ የሚወስነው በግምት ነው።

አርኤች ኔጌቲቭ ከሆኑ ደግሞ በአዲሱ አገር የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ሳይጠየቁ ይናገሩ። በተለምዶ ሾተላይ የሚባለውን የሚከላከለው አንቲ-ዲ መርፌ በብዙ አገር በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል፤ ልጁ አርኤች ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደም በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል።

ከሕክምናው ፋይል ጎን የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይያዙ። የሰጠው አገርም የሚሄዱበት አገርም በ1961 እ.ኤ.አ. የሄግ አፖስቲል ስምምነት ውስጥ ካሉ አንድ ማኅተም ይበቃል። አንዱ ከሌለበት ሰነዱ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ በኩል መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድመው ይጀምሩት። ዋናዎቹን በእጅ ሻንጣ ያድርጉ፤ የሚጫነው ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስተው ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ይላኩ።

*ሳይዙ ሄደው ከሆነ፦* አገር ቤት ላለ ሰው የፈረሙበት ውክልና ልከው ፋይሉን ያስነሱ። ደም እንደገና ይቀዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልትራሳውንድ ግን አይደገምም። ከፋይሉ አንድ ገጽ ብቻ ማግኘት ከቻሉ እሱን ይምረጡ።

ደረጃ 2፦ በረራው

ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንድ ልጅ የያዘችን እስከ 36ኛው ሳምንት፣ መንታ የያዘችን እስከ 32ኛው አካባቢ ያበራሉ። በመሃል የሚቀይሩት አውሮፕላን የሌላ ድርጅት ከሆነ የዚያኛውን ደንብም ያጣሩ። ደብዳቤው ላይ የመውለጃው ቀን፣ የሚበሩበት ቀን ስንተኛ ሳምንት እንደሚሆንና የተፈረመበት ቀን ይኑር። ከወር በፊት የተፈረመ ደብዳቤ መግቢያው ላይ ሊያስመልስዎት ይችላል።

ከ4 ሰዓት በላይ መቀመጥ የደም መርጋት አደጋን ይጨምራል፤ እርግዝና ራሱ ደግሞ ደምን ለመርጋት ያዘጋጃል። በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ይያዙ፣ በየሰዓቱ ይነሱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ በመጠንዎ የተለካ አጥባቂ ካልሲ ያድርጉ። ቀበቶው ከሆድ ሥር፣ ዳሌ ላይ ይታሰር። ከደረሱ በኋላ አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ አይሹት፤ ያን ዕለት ሐኪም ይዩ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ አምቡላንስ ይጥሩ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ስልክ፣ ስም፣ የፖስታ ሳጥን

ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ቀጠሮ የሚጠፋው ግን እዚህ ነው።

የአገሩን ሲም ካርድ በመጀመሪያው ቀን ያውጡና እስኪወልዱ አይቀይሩት። ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ የሚደውሉት ቁጥሩ ከማይታይ ስልክ ነው፤ የማያውቁትን ጥሪ የማያነሱ ከሆነ ይህን ልማድ ለጥቂት ወር ይተዉት። የድምፅ መልእክት ማዳመጫውንም ያስጀምሩ።

ቀጥሎ የፖስታ ሳጥኑ። በብዙ አገሮች ስምዎ ሳጥኑ ላይ ካልተለጠፈ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይመልሰዋል። ከሰው ጋር በደባልነት የሚኖሩ ከሆነ ሳጥኑ ላይ ያለው የቤቱ ባለቤት ስም ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ተልኮ፣ ተመልሶ፣ «አልቀረበችም» ተብሎ ተዘግቶ ያገኙታል። ስምዎን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በትልልቅ ፊደል ጽፈው ሳጥኑ ላይም የበር ደወሉ ላይም ይለጥፉ።

ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በላቲን ፊደል አንድ ስም በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ አንድ ፊደል ከተለየ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ያደርግዎታል፣ የደም ውጤትዎም በሌላኛው ፋይል ይቀራል። ምዝገባ በተደረገ ቁጥር ስክሪኑን ወይም የታተመውን ወረቀት ዓይተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ደረጃ 4፦ ክትትል ይመዝገቡ፣ ቤት እስኪያገኙ አይጠብቁ

ጊዜያዊ አድራሻ ለመመዝገብ ይበቃል፤ ሲቀየር ያስተካክላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት አለባት፦ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ20፣ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40። አገሩ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፤ የሚከተሉት የጊዜ መስኮቶች ግን በየትም ቦታ ይቀራረባሉ፦

• ከ11 እስከ 14 ሳምንት፦ ዕድሜ የሚለካበትና የክሮሞሶም ችግር የሚጣራበት አልትራሳውንድ።
• ከ18 እስከ 22፦ የጽንሱ አካል አንድ በአንድ የሚታይበት።
• ከ24 እስከ 28፦ የስኳር ምርመራ።
• ከ27 እስከ 36፦ በብዙ አገር የትክትክ ክትባት፤ ዓላማው ልጁ የእናቱን መከላከያ ይዞ እንዲወለድ ነው።

ስልክ ሲደውሉ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቁጥር ይኑረው። «እርጉዝ ነኝ፣ ቀጠሮ እፈልጋለሁ» ካሉ መደበኛው ተራ ይሰጥዎታል፤ ያ አንድ ወር ሊርቅ ይችላል። «30 ሳምንት ነኝ፣ እዚህ አገር ማንም አላየኝም» ካሉ ቀጠሮ የሚይዘው ሰው ወደ አዋላጇ ያስተላልፍዎታል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ መንታ ወይም የቀድሞ ኦፕሬሽን ካለ እዚያው ላይ ይጨምሩት።

*ቀጠሮው ከራቀ ወይም ከተከለከሉ፦* ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት «ታዲያ ማን ጋ ልሂድ?» ብለው ስምና ቁጥር ይቀበሉ። ከ28 ሳምንት ካለፉና በሳምንት ውስጥ የሚያይዎት ካላገኙ የማዋለጃ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል በአካል ይሂዱ።

ወጪውን የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ከሆነ ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስመልሱ፦ ከመመዝገቤ በፊት የጀመረ እርግዝና ይሸፈናል? ኦፕሬሽንና የልጁ ጽኑ ሕክምና ክፍል ቆይታ ይሸፈናል? ልጁን በስንት ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለብኝ? የመጨረሻውን ሳይጠይቁ ቀርተው ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች የሕፃኑን ሂሳብ ከኪሳቸው ከፍለዋል።

ደረጃ 5፦ ቀንና መለኪያ ያስማሙ

ይህ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ሲቀር ግን ያለ ጊዜው ምጥ እስከ ማስጀመር የሚያደርስ ስህተት ይወልዳል።

04/05 በአንዱ አገር ግንቦት 4 ቀን፣ በሌላው ሚያዝያ 5 ቀን ማለት ነው፤ ሁለቱም በአገሩ አቆጣጠር። ወሩን ሁልጊዜ በስሙ ይጻፉ። እርስዎ የሚጠቀሙበት የዘመን አቆጣጠር ከአገሩ የተለየ ከሆነ የወር አበባዎን ቀን ክሊኒክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በጭንቅላት አይቀይሩ፤ ቤት ቀይረውና አረጋግጠው ጽፈው ይሂዱ። ሰዓትም እንዲሁ፤ 14፡30 የሚል ወረቀት ከሰጡዎት በራስዎ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ እዚያው ጀርባው ላይ ይጻፉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ማርፈድ ብቻ ቀጠሮ የሚያሰርዝበት ቦታ ብዙ ነው።

ማመሳከሪያው ይህ ነው፦ ከወር አበባው መጀመሪያ ቀን 3 ወር ቀንሰው 7 ቀን ይጨምሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 10 ከነበረ መውለጃው ኦክቶበር 17 ነው። ሐኪሙ የጻፈው ቀን ከዚህ በሳምንት ከሚበልጥ ጊዜ ከተለየ «ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ 13 ሳምንታት በተነሳ አልትራሳውንድ ከተስተካከለ ትክክል ነው፤ በ30ኛው ሳምንት በተነሳ ከሆነ የቀድሞውን ሪፖርት ያሳዩ፤ ጽንስ ባደገ ቁጥር ዕድሜውን መለካት ትክክለኛነቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ቁጥር ሲቀየር ደግሞ አይደንግጡ። ስኳር 90 ሚሊግራም በዴሲሊትር የነበረው 5 ሚሊሞል በሊትር ይባላል፤ በ18 ማካፈል ነው። ሂሞግሎቢን 11 ግራም በዴሲሊትር የነበረው 110 ግራም በሊትር ነው። በፋራናይት 100.4 ትኩሳት ማለት 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፓራሲታሞል በአንዳንድ አገር አሴታሚኖፌን ተብሎ ይሸጣል፤ ሁለቱን የተለያዩ መድኃኒቶች መስሏቸው አብረው የሚውጡ አሉ። አይቡፕሮፌን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይንኩ፤ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

ደረጃ 6፦ አስተርጓሚ

ቀጠሮ ሲይዙ እንጂ ሲደርሱ አይጠይቁ፤ ቋንቋውን በስሙ ይጥሩ። በአካል ካልተገኘ በስልክ የሚያስተረጉም ይጠይቁ። ባልዎ ቋንቋውን ቢችል እንኳ ቢያንስ አንድ ቀጠሮ ከባለሙያ አስተርጓሚ ጋር ብቻዎን ይግቡ፤ አዋላጇ ስለ ቤት ውስጥ ሁኔታ፣ ስለ ቀድሞ ውርጃና ስለ ኢንፌክሽን የምትጠይቀው በሌላ ሰው አፍ የማይመለስ ነው። ልጅ አስተርጓሚ አይደለም።

ካልገባዎት ጭንቅላት አይነቅንቁ። «የገባኝን ልንገርዎት፣ ያርሙኝ» ብለው በራስዎ ቃል ይድገሙት። የማይረባ የሚመስል ጥያቄ የሚባል የለም፤ ያልተጠየቀ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ደረጃ 7፦ ቤቱና ዕለቱ

*አየር።* በጋዝ፣ በእንጨት ወይም በኬሮሲን የሚሞቅ ቤት ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይግጠሙ። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እናት ራስ ምታት ብቻ ሲሰማት ጽንሱ ከዚያ በላይ ሊጎዳ ይችላል። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም አያቀጣጥሉ፤ ብርድን ለመከላከል ተብሎ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ አብረው ራሳቸውን ካመማቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ወጥተው ድንገተኛ ይደውሉ።

*መውደቅ።* ሆድ ሲገፋ ሚዛን ይለወጣል፤ በረዶና እርጥብ ደረጃ ያልለመደ እግር ደግሞ ይባስ። ሶሉ የሚቆነጥጥ ዝቅ ያለ ጫማ ይግዙ፣ አንድ እጅዎን ለመደገፊያ ባዶ ያድርጉ። ሆድዎ ከተመታ ባያምዎትም ያን ዕለት ይታዩ።

*ፀሐይ።* ክረምቱ ጨለማ በሆነበት አገር፣ በተለይ ቆዳዎ ጠቆር ካለ፣ ቫይታሚን ዲ ያንሳል። በቀን 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም 400 ዩኒት፣ የተለመደው መጠን ነው። ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም እስከ 12ኛው ሳምንት ይቀጥላል። አይረን የሚሰጥዎት ከሆነ ከሻይና ከቡና ያራርቁት። ተራ መልቲቫይታሚን ከመደርደሪያ አያንሱ፤ ብዙ ቫይታሚን ኤ ጽንስን ይጎዳል፤ «ለነፍሰ ጡር» የሚለውን ይምረጡ።

*መለያ ጽሑፍ።* «ያልተፈላ ወተት»፣ «አልኮል» እና «ጥሬ» የሚሉትን ቃላት በአገሩ ቋንቋ ስልክዎ ላይ ጽፈው ወደ ሱቅ ይግቡ። ሥዕሉን ብቻ ዓይቶ መግዛት አያስተማምንም።

*ብቸኝነት።* «ሰው እስክላመድ» ብለው ቤት አይዋሉ፤ መላመድ ከመውጣት ይመጣል። በሳምንት አንድ ቀንና ሰዓት የማይለወጥ መውጫ ይያዙ፤ የወላጆች ትምህርት ክፍል ከሁሉ ይሻላል፤ እዚያ የሚያገኟቸው ሴቶች ከእርስዎ ጋር በአንድ ወር የሚወልዱ ናቸው። ኀዘኑ ወይም ምንም ነገር አለመጣፈጡ ከ2 ሳምንት ካለፈ ለአዋላጇ በግልጽ ይንገሩ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ይደውሉ።

ደረጃ 8፦ የሌሊቱን ልምምድ በ32ኛው ሳምንት ያድርጉ

በሩ ጀርባ አንድ ወረቀት ይለጥፉ። በአገሩ ቋንቋ፣ በትልልቅ ፊደል፦ ሙሉ አድራሻ፣ ፎቅ፣ የመግቢያ በር ኮድ፣ የመውለጃ ቀን፣ የደም ዓይነት፣ የቀድሞ ኦፕሬሽን፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ የማዋለጃ ክፍሉ ስልክ። ከፍርሃት ጋር አድራሻ ይጠፋል፤ ወረቀቱን ያነባሉ። የድንገተኛ ቁጥር በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእንግሊዝ 999 ወይም 112፣ በአሜሪካና በካናዳ 911 ነው።

ከዚያ ሦስት ሰው ይምረጡ፦ አንዱ የሚያደርስ፣ አንዱ ትልቁን ልጅ የሚይዝ፣ አንዱ በስልክ የሚያስተረጉም። «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብደውል ታነሳለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከተጠራጠረ ሌላ ይፈልጉ። መንገዱንም ሌሊት አንዴ ይሂዱበት፤ ቀን ክፍት የነበረው የሆስፒታል በር ሌሊት ሊዘጋና መግቢያው ከጀርባ ሊሆን ይችላል።

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች በአገሩ ቋንቋ ጮክ ብለው ይለማመዱ፦ ደም እየፈሰሰኝ ነው። የሽርት ውሃ ፈሷል። ልጁ እንቅስቃሴው ቀንሷል። ማማጥ ማማጥ እያለኝ ነው። ያመኛል፣ ማስታገሻ እፈልጋለሁ። አልገባኝም፣ ቀስ ብለው ይናገሩ።

ማንኛቸውም ከታዩ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ፦ ደም፤ ከ37 ሳምንት በፊት ምጥ ወይም ውሃ መፍሰስ፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ውሃ፤ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን ሥር ሕመም ወይም ድንገተኛ የፊት እብጠት፤ 38 ዲግሪ ትኩሳት፤ የመዳፍና የውስጥ እግር ኃይለኛ ማሳከክ፤ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ለመጨረሻው «እስከ ነገ ልየው» አይበሉ።

ለመጀመሪያ ልጅ ምጡ በየ5 ደቂቃው መጥቶ፣ 1 ደቂቃ ቆይቶ፣ ለ1 ሰዓት ከቀጠለ መነሳት ነው። ከዚህ በፊት ከወለዱ ወይም ሆስፒታሉ ሩቅ ከሆነ ቀደም ብለው ይደውሉ። «ገና ነው፣ ተመለሺ» ቢሉዎት መቼ እንደሚመለሱ በቁጥር ይጠይቁ።

ደረጃ 9፦ የልጁ ስምና ምዝገባ

ቀነ ገደቡ አጭር ነው፦ ፈረንሳይ 5 ቀን፣ ጀርመን 1 ሳምንት፣ ስኮትላንድ 21 ቀን፣ እንግሊዝ 42 ቀን። ስለዚህ ስሙን ከነላቲን አጻጻፉ ከመውለድዎ በፊት ይወስኑ።

የአባት ስም በሚከተሉ ሰዎች ላይ የሚደርሰው ችግር ይህ ነው፦ አገሩ የቤተሰብ ስም ስለሚጠብቅ ልጁ የአያቱን ስም፣ የእናቱን አባት ስም ወይም የሁለቱን ድብልቅ ይዞ ይወጣል። ሆስፒታል ውስጥ ሕፃኑ በአብዛኛው በእናቱ ስም ስለሚጠራ ይህ ሳያስቡት ወደ ምዝገባው ሊተላለፍ ይችላል። የልጁ መጠሪያ የትኛው ሳጥን ውስጥ፣ የአባቱ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ በወረቀት ጽፈው ለመዝጋቢው ይስጡ፤ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ። ከፈረሙ በኋላ ማረም ፍርድ ቤት እስከ መሄድ ሊያደርስ ይችላል።

የጋብቻ ወረቀት ካልተተረጎመ ወይም ካልተረጋገጠ አባትየው ላይመዘገብ ይችላል፤ ያልተጋቡ ከሆነም አባትነቱን የሚቀበልበት ፊርማ ያስፈልጋል፣ በአንዳንድ አገር ከመውለድ በፊትም ይቻላል። ዜግነትም እንዳይምታታብዎት፦ አሜሪካና ካናዳ በአብዛኛው እዚያ ለተወለደ ይሰጣሉ፤ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች መወለድ ብቻውን አይበቃቸውም። ልጁ ያለ ዜግነት እንዳይቀር የራስዎን ኤምባሲ በቶሎ ያነጋግሩ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት

በብዙ አገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስወጣሉ። ከመውጣትዎ በፊት ሌሊት የሚደወልበትን ቁጥር ይቀበሉ። መኪና ከሆነ ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን ወንበር ሳይገጠም አይነሱ።

የእናት አደጋ፦ በ1 ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ የባት እብጠት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት። የደም ግፊት ከወለዱ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊመጣ ስለሚችል «ወልጃለሁ፣ አለፈ» አይበሉ። ከ3ኛው ቀን ጀምሮ የሚመጣው ልቅሶ በሁለት ሳምንት ይቀላል፤ ካልቀለለ ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

የልጅ አደጋ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ለመጥባት አለመነሳት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚታይ ቢጫነት። ቆዳው ጠቆር ካለ ቢጫነቱን ቆዳ ላይ አይፈልጉት፤ የዓይኑን ነጭ፣ ድዱንና መዳፉን በቀን ብርሃን ይመልከቱ። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ዳይፐር በሽንት ያርሳል። ከዚያ ካነሰ ያን ዕለት ያሳዩት። በጀርባው፣ በጠንካራ ፍራሽ፣ ያለ ትራስ፣ በእርስዎ ክፍል ውስጥ በራሱ አልጋ ያስተኙት።

አዋላጅ ወይም ነርስ ቤት ከመጣች ልትፈትሽዎት አይደለም፤ ማሸጊያውን ሳጥን፣ ያልታጠበውን ዕቃ አይደብቁ፤ የሚያሳስብዎትን ጥያቄ ጽፈው ይጠብቋት። ክትባቱ አገር ለአገር ስለሚለያይ የልጁን ካርድ አምጥተው ያሳዩዋት፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ከነሰዓቱ ተጽፎ መሆኑን ሳያዩም በሩን አይዝጉ።